ባለ ሜትር ከሃያው ፍራሽ

ጆሃንስበርግ
ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰኚ ፈዬራ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺንም እናታችንን አዴንም በጤናና በሰላም እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ለዚህም ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

ለአዴ ስታነቢላት ከዚህ ጀምሪ። አዴ፣ እንደምን ነሽ? በስልክ ብጮህም ድምፄ እንደማይገባሽ ሰኚ ነግራኛለች። ልጅሽ ጆሮሽ ሥር ቁጭ ብላ ስታነብልሽ ግን አንዲት ቃል አታመልጥሽም አሉ። ስለዚህ ከእንግዲህ እጽፋለሁ።

ባለፈው ወር ሸሪኬ ላጲሶ እናንተ ቤት መጥቶ ነበር። የላክሁልሽን ብርድ ልብስ አልጋሽ ላይ ሲያስቀምጥ ፍራሹን አየው። ያ የጥጥ ፍራሽ ከዱሮው ቤታችን ይዛችሁት የወጣችሁት፣ ወላጆቼ ሞተው አንቺ ጋ ስገባ ከናንተ ጋር የተኛሁበት ነው አይደል? ላጲሶ እጁን ሲያሳርፍበት ከሥር ያለውን ጣውላ ዳሰስኩት አለኝ። አክስቴም እናቴም ነሽ። እኔ እዚህ ብርድ ልብስና ፍራሽ እየሸጥኩ አንቺ በዚያ ላይ ተኝተሽ ወገቤን ስትዪ ለሰው ምን ብዬ እናገራለሁ? ሰኚ ጥሩ ፍራሽ ትግዛልሽ። ለፋሲካ ስመጣ እኔም ተኝቼበት አየዋለሁ።

ሰኚ፣ የቀረው ላንቺ ነው። በላጲሶ እህት በኩል ሃያ ሁለት ሺህ ብር ይደርስሻል። አገር ቤት ዋጋው እንዴት እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ በዓይንሽ ሳይሆን በጉልበትሽ ግዢ። ጉልበትሽን ጫን አድርጊበት፤ ቶሎ ካልተመለሰ ተይው። ማዕዘኑን ይዘሽ አንሺው፤ ከቀለለሽ አየር ነው የምትገዢው። ዚፕ ካለው አስከፍቺ፤ ጨርቁ አያታልልሽ። ከሁሉ በላይ አዴ ራሷ ሱቁ ውስጥ ትተኛበት። እንቢ ትልሻለች፤ አትስሚያት። ፍራሽ ተኝተውበት ነው የሚገዙት።

ወንድምሽ
ጋዲሳ


የካ አባዶ
ኅዳር 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋዲሳ፣

ደብዳቤህ ደርሶናል። ባለህበት አገር የሰማዩ ጌታ ከክፉ ሰውና ከክፉ ቀን ይሰውርህ። አዴ ሁለቴ አስነበበችኝና ከምርቃቷ በፊት «ከሄደ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። አሥራ ሁለት አልኳት። ከዚያ መረቀችህ። ምርቃቱ በኦሮምኛ ነው፣ ረጅምም ነው፤ ባጭሩ እህል፣ ልጅና የሰው ፊት ይስጥህ ነው።

እንዳልከኝ አደረግኩ። ቅዳሜ ከምሠራበት ትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ወጥቼ መጀመሪያ ሾላ ወሰድኳት። ሻጩ ፍራሹን በጥፊ እየመታ «ማዘር፣ ይሄ ሜዲካል ነው፤ ለወገብ ተብሎ የተሠራ» አላት። ዚፑን ክፈትልኝ አልኩት።

«እህቴ፣ ዚፑ እኮ ለጌጥ ነው።»

«ጌጡን አሳየኝ።»

ከፈተው። ውስጡ የሶፋ ስፖንጅ ቁርጥራጭ ነው፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሮዝ፣ በማስቲሽ የተያያዘ። አዴ ጎንበስ ብላ አየችና «ይሄማ የኔው ነው፤ ልዩነቱ የኔው በጥጥ መሆኑ ነው» አለች።

ከዚያ ሰው ነግሮኝ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለ መስታወት በመስታወት ሱቅ ሄድን። ልጅቷ በትሕትና ስልሳ ስምንት ሺህ አለችን። አዴ አልሰማችም። ጆሮዋ ላይ ጮኼ ነገርኳት፤ ሱቁ በሙሉ ሰማ።

«ይታለባል?» አለች አዴ።

ልጅቷ በሳቅ ፈርሳ ውኃ ሰጠችን። ውኃውን ጠጥተን ወጣን።

በመጨረሻ ሲኤምሲ መንገድ ዳር ሙኽታር የሚባል ሰው ሱቅ ገባን። ሙኽታር ወፍራምና ዝምተኛ ነው፤ ፍራሹን በጥፊ አይመታም። ዚፑን ሳልጠይቀው ከፈተልኝ፤ አንድ ወጥ ስፖንጅ ነው። ጉልበቴን ጫንኩበት፤ ተመለሰ። ማዕዘኑን አነሳሁት፤ ከበደኝ። ይሄኔ ነው አዴን ተኚበት ያልኳት። ሱቅ መሃል ከምትተኛ ብትሞት ይሻላታል።

«እማማ፣ ይተኙበት እንጂ» አላት ሙኽታር።

«በቀን?»

«በቀን።»

«ሰው እያየኝ?»

«እኔ ፊቴን አዞራለሁ።»

እውነትም ወደ ግድግዳው ዞረ። አዴ ጫማዋን አወለቀች፤ ነጠላዋን እስከ አንገቷ ሳበች፤ በጎኗ ተኛች። ትንሽ ጠብቄ «ይመቻል?» ብዬ ጮህኩ። ሙኽታር አንገቱን መለስ አድርጎ አየና «ተኝተዋል» አለኝ። ልቀሰቅሳት ስል እጁን ዘረጋ፤ «ተያቸው፤ በዚህ ሰዓት ገበያ የለም።» ወዲያው ግን ገበያ መጣ፤ ባልና ሚስት ገብተው ያንኑ ፍራሽ ጠየቁ። «ሰው ይዞታል፤ ነገ ኑ» ብሎ ሸኛቸው። ጋዲሳ፣ አዴ እንደዚያ ስትተኛ አይቼ አላውቅም። አፏን ከፍታ እንደ ልጅ ነው የተኛችው። ስትነቃ «ዝናቡ አባራ?» አለች። ዝናብ አልነበረም።

ሃያ ስድስት ያለኝን በሃያ ሦስት ሰጠኝ፤ የጎደለውን እኔ ሞላሁ። ባለ ሜትር ከሃያ ነው፣ ላስቲኩ ያልተነካ፣ የአሥር ዓመት ዋስትና ወረቀት አለው። ብሎካችን ሥር ስንደርስ ጫኝና አውራጆቹ ተቀበሉን። እስከ አራተኛ ፎቅ ለማውጣት ሁለት ሺህ ብር አሉ። አዴ አንዱን ክንዱን ይዛ በኦሮምኛ «አንተ የነማን ልጅ ነህ?» አለችው። የዱሮ ጎረቤታችን የኦብሴ የልጅ ልጅ ሆኖ ተገኘ። በነፃ አወጡልን። እንዲያውም ጉልበቷን ስመው ወረዱ።

ፍራሹ ቤት ገብቷል። አዴ ባየችው ቁጥር ስምህን ታነሳለች።

እህትህ
ሰኚ


ጆሃንስበርግ
የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰኚ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ።

የአዴን የሱቅ እንቅልፍ ለላጲሶ ሳነብለት እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ እንኳ አልሳቅኩም፤ ደስ አለኝ። ይኸውልሽ፣ እዚህ ስንት ሰው ቆሞ ገዝቶ ይሄዳል፤ አዴ ግን ተኝታ ገዛች። ጠዋት ስትነሳ ወገቧን ትይዛለች ወይስ ተወችው? በየጊዜው ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሩት፤ አንድ ቦታ እንዳይጎደጉድ። ላስቲኩን መቼም አውልቃችኋል፤ ለጥንቃቄ እያሉ ከነላስቲኩ የሚተኙ ደንበኞች አሉኝ። ላስቲክ ያልባል፤ ጥሩ አይደለም።

አዴ፣ በሰላም ተኚ። በሰላም ተነሺ።

ከዚህ መስመር በታች ላንቺ ብቻ ነው፣ አታንብቢላት። ፋሲካ አልተሳካም። በዓል ሲሆን ሥራው ይበዛል፤ ሱቁን ለማን ትቼ እመጣለሁ? ለመስቀል ግን አልቀርም በያት።

ጋዲሳ


የካ አባዶ
ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋዲሳ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ፤ ዘግይቶም ቢሆን።

ለመስቀል እንደምትመጣ ነገርኳት። የነገርኳት ግን ከበዓሉ በኋላ ነው። ቀድሜ ብነግራት በዓሉን አታከብረውም ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እስከ ፋሲካ ማታ ድረስ መኪና በቆመ ቁጥር መስኮቱ ጋ ትሄድ ነበር። ከኛ መስኮት የሚታየው የሚቀጥለው ብሎክ ግድግዳ ብቻ እንደሆነ ላጲሶ ነግሮህ ይሆናል። ቀድሜ ብነግራት ይሻል እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

ወገቧ ብሶባታል። ሐኪም የወገብ ማፍታቻ እንቅስቃሴ አዞላታል፤ ሳምንት በሳምንት መሄድ አለባት፣ ለታክሲውም ለሕክምናውም ደመወዜ አልበቃ አለ። በዚህ ብታግዘኝ። ልብስ አትላክ፤ ልብስ አላት።

ፍራሹን ለጠየቅከኝ፣ ምንም አልሆነም። እንደገባ ነው።

ሰኚ


ጆሃንስበርግ
ነሐሴ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰኚ፣

ሰላም ነሽ? በጣም ገርሞኝ ነው የምጽፈው። በአዲስ ፍራሽ ላይ ስድስት ወር ተኝቶ ወገብ ይብሳል እንዴ? ይሻላል እንጂ። አታለውሻል። ላዩ አንድ ወጥ ሆኖ መሃሉ ሌላ የሚሆንበት ዘዴ አለ፤ እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ያ ሙኽታር ያልሽው ፊቱን ያዞረው ሳቁን ለመደበቅ ነው። የዋስትናውን ወረቀት ይዘሽ ሂጂና መልሳችሁ ውሰዱልኝ በይ። አንቺ እንደሁ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ አትወጂም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲሁ ነሽ። የኔ ብር ሲሆን ግን ትንሽ ብትጨቃጨቂ ምን ነበረበት?

ለሕክምናው ያልሽውን ግማሹን ልኬአለሁ። ሙሉውን አልቻልኩም፤ ገበያው ቀዝቅዟል።

ለመስቀል አልደርስም። ለገና ነው።

ጋዲሳ


የካ አባዶ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋዲሳ፣

ሰላም ላንተ ይሁን።

ሙኽታርን አትማው። የሸጠልን ፍራሽ ጥሩ ነው። የተኛበት የለም እንጂ።

ሳሎን ውስጥ፣ እኔ ከምተኛበት ሶፋ ጀርባ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከነላስቲኩ። የገባ ዕለት አዴ ተሸክመው ያወጡትን ልጆች «እዚያ አቁሙት» አለቻቸው። አልጋዋ ላይ ላነጥፈው ስነሳ «ተይው፣ የጋዲሳ ነው» አለችኝ። ላንቺ ነው የላከው አልኳት። «ለፋሲካ ስመጣ እተኛበታለሁ አላለም? አንቺው ነሽ ያነበብሽልኝ።»

የቤታችንን ነገር ታውቃለህ። የጓዳው ጠፍር አልጋ ተነጥፎ ይቀመጥ ነበር፤ ከኛ ማንም አይወጣበትም። አዲስ መኝታ የሚከፍተው ከሩቅ የሚመጣ ሰው ነው። የቤት ሰው ከቀደመበት መንገደኛው መንገድ ላይ ይቀራል ይባል ነበር። አባቴ ፈዬራ የመጨረሻ ወሩን ያሳለፈው መሬት ላይ ነው፤ አልጋው ከአርሲ ይመጣል የተባለውን ወንድሙን እየጠበቀ። ያኔ አንተ ትንሽ ነበርክ፤ ግን እንደማትረሳው አምናለሁ።

በጉልበትም ሞክሬአለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አልጋዋ ላይ አነጠፍኩት። ተመልሳ አየችውና ወንበር ላይ ተቀምጣ አደረች። ጠዋት እግሯ አብጦ ጫማ አልገባት አለ። መልሼ አቆምኩት።

ያልነገርኩህ እንዳይከፋህ ብዬ ነው። ለፋሲካ ትመጣለህ፣ ያልቃል አልኩ። ከዚያ ለመስቀል አልኩ። አንድ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ አፍ መክፈት ይከብዳል። ያቺን «ስመጣ» የምትለዋን መስመር ዘልዬ ባነብላት ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሌላ ሌላውን እየዘለልኩ ያቺን አነበብኳት።

ሐኪሙ ከአጥንቷ መሃል የተጎዳ አለ፣ ደልዳላ ነገር ላይ መተኛት አለባት፣ ካልሆነ እግሯም ይከተላል ብሏል። አሁን ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። ከመስከረም ወዲህ ከአራተኛ ፎቅ አልወረደችም። ቅዳሴ በሬዲዮ ነው፤ እሱንም አትሰማውም።

ላጲሶን «ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሥራ ነው» አለኝና ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

አንድ ነገር ነው የምጠይቅህ፤ ብር አይደለም። የምትመጣ ከሆነ ቀኑን ጻፍልኝ። የማትመጣ ከሆነ አልመጣም ብለህ ጻፍላት። ስልክ ማንሳት ከተውክ ቆየህ፤ አልወቅስህም፤ ወረቀት ላይ አስፍረውና እኔ አነብላታለሁ። ከዚያ ወዲያ ፍራሹ ፍራሽ ይሆናል።

ሰኚ


ጆሃንስበርግ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰኚ፣

ይህን ለብቻሽ አንብቢው።

የጻፍሽልኝን ላጲሶ በታኅሣሥ ነው የሰጠኝ። ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። ገና አለፈ፤ ፋሲካም አለፈ።

እዚህ ያለኝ ወረቀት መኖርን ይፈቅዳል እንጂ ወጥቶ መመለስን አይፈቅድም። ላጲሶ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ስላለው ይመላለሳል። እኔ ድንበሩን ካለፍኩ አለፍኩ ነው። ለፋሲካ ስመጣ ብዬ ስጽፍም ይህንን አውቅ ነበር። ጠቅልለህ ና ትዪኝ ይሆናል። ወዴት? እርሻችን ላይ እናንተ ያላችሁበት ፎቅ ቆሟል። ከስንት ዓመት በኋላ ባዶ እጄን መጥቼ ከሶፋሽ ላይ ላስነሳሽ?

የምተኛው ሱቅ ውስጥ ነው። ከምንሸጠው ፍራሽ ላይ፣ ከነላስቲኩ። ላስቲኩ ከወጣ ማን ይገዛዋል? በተገላበጥኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ለምጄው ነበር። የአዴን ከጻፍሽልኝ ወዲህ ግን ድምፁ እንቅልፍ ነሳኝ።

አልመጣም ብዬ ልጽፍላት አልችልም። እጄ እንቢ አለኝ። አንቺ በያት፤ «ጋዲሳ ተኚበት ብሏል፣ እሱ ሲመጣ ሌላ ይገዛል» በያት። ካንቺ አፍ ይሻላታል።

ጋዲሳ


የካ አባዶ
ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋዲሳ፣

አልኳት። «የታለ? አንብቢልኝ» አለች። ወረቀትህን ዘርግቼ ያልጻፍከውን ማንበብ ጀመርኩ። ዓይኔን አየችና «ይሄ የሱ አነጋገር አይደለም፤ ያንቺ ነው» አለችኝ። አጥፌ አስቀመጥኩት።

ትናንት ከአልጋ ስትወርድ ወድቃለች። አልተሰበረችም።

እኔ የምጨምረው የለኝም። ጻፍላት።

ሰኚ


ጆሃንስበርግ
መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአዴ ደሪቱ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልሽ። ሰኚ ይህን ስታነብልሽ ምንም ሳትዘል ታንብብልሽ።

አዴ፣ አልመጣም። ለገናም ለፋሲካም አልመጣም። አልታመምኩም፣ አልታሰርኩም። ከዚህ ከወጣሁ መመለስ አልችልም፣ ሳልመለስ የምኖርበት ደግሞ የለኝም። መቼ እንደሚሆን አላውቅም፤ ስለማላውቅ ቀን አልነግርሽም።

«ስመጣ» ያልኩሽ ደብዳቤ ሲጽፉ የሚባል ነገር ስለሆነ ነው። ሁላችንም እዚህ እንዲያ ብለን ነው የምንዘጋው። አንቺ ቃሌን እንደምትይዢው ማሰብ ነበረብኝ፤ ባንቺ እጅ ያደግኩ ነኝ።

ፍራሹ ያንቺ ነው። ሲገዛም ያንቺ ነበር። ተኚበት። መንገድ ላይ የቀረሁት አንቺ ስለቀደምሽበት አይደለም። ቀድሞውንም ቀርቻለሁ።

ልጅሽ
ጋዲሳ


የካ አባዶ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋዲሳ፣

እንደምን ሰነበትክ። ደብዳቤህ በጥቅምት ደረሰኝ። ሳልዘል አነበብኩላት። የመጀመሪያውን ግማሽ ድገሚልኝ አለች፤ ደገምኩላት። ከዚያ ረጅም ጊዜ ጉልበቷን ስታሽ ቆየች።

«ይበላል?» አለችኝ።

«ይበላል።»

«የት ነው የሚተኛው?»

ጥሩ አልጋ አለው አልኳት። የዋሸኋት ይህችን ብቻ ነው።

«እንግዲያው አምጪው» አለች።

ፍራሹን ከሶፋው ጀርባ ጎትቼ አወጣሁት። መቀስ ላመጣ ስል ከለከለችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው፤ ቀስ ብላ፣ አንድ ቦታ እንኳ ሳትቀድ። ወገቧ ይዟት ሁለቴ አረፈች። ላግዝሽ ብላት እንቢ አለች። ሽታው አሁንም የሱቅ ሽታ ነው።

ስናነጥፈው ግን ልክ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሞ ክብደቱ ወደ ታች ወርዷል። በግድግዳው በኩል ያለው ጎን ተጨፍልቋል፣ መሃሉ ጎብጧል። በጉልበቴ ተጫንኩት፤ ተመለሰ፣ ተመልሶም ጎበጠ።

ዋስትናውን ይዤ ሙኽታር ጋ ሄድኩ። ከሳ ብሏል። ወረቀቱን አገላብጦ «ምን ሆነ?» አለኝ።

«ጎበጠ።»

«ስንት ሰው ይተኛበታል?»

«ማንም። ቆሞ ነበር።»

«ሁለት ዓመት ቆሞ?»

«ቆሞ።»

ወረቀቱን መለሰልኝ። «እህቴ፣ ዋስትናው ለተኙበት ነው» አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ዓይኑ ተከፈተ። «እዚህ የተኙት እናት ናቸው? እንዴት ናቸው? ያን ዕለት እንቅልፋቸው ያስቀና ነበር።» እንደዚያ ተኝታ አታውቅም አልኩት። ጉብጠቱን ወደ ታች አድርጊው፤ ከጊዜ በኋላ ትንሽ ይመለስ ይሆናል፣ ጎኑ ግን አይመለስም አለኝ።

ሐኪሙም ይህንኑ የሚመስል ነገር ነው የነገረኝ። አሁን ፍራሹ ወገቧ እንዳይብስባት ያደርጋል እንጂ የተጎዳውን አይጠግንም አለ። የዛሬ ዓመት ቢሆን ሌላ ነበር አለ። ይህን ለአዴ አልነገርኳትም፤ ላንተ የምነግርህ ከእንግዲህ የምደብቅህ ነገር እንዳይኖር ብዬ ነው። እኔም የዛሬ ሁለት ዓመት ልነግርህ ይገባ ነበር።

ተኝታበታለች። ስትተኛ በተጨፈለቀው ጎን በኩል ወደ ግድግዳው ያንሸራትታታል። ጠዋት ስገባ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አገኛታለሁ፤ በዚህ በኩል ያለው ቦታ ባዶ ነው። ይመችሻል ስላት «ደህና ነው፤ ትንሽ ይገፋኛል» ትላለች። የጥጡን ፍራሽ የኦብሴ የልጅ ልጅ ወስዶ ጣለልን።

አዴ ጻፊለት ያለችኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ላጲሶ ሲመጣ ሌላ ቦታ እንዳያድር፣ እዚህ ሶፋው ላይ ይደር ብላለች። ሁለተኛው፣ ጥሩ አልጋ ካለህ ላስቲኩን ማውለቅህን እንድጠይቅህ ነው። ራስህ መልስላት።

የፍራሻችንን ላስቲክ ልጥለው ስል ከእጄ ወሰደችው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ አራት ቦታ አጥፋ ከፍራሹ ሥር አስገባችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አንተም አትጠይቃት።

እህትህ
ሰኚ